ስለ ዓይን ማዝና ስለ አዚትሮማይሲን

በአዊ ምድር፥ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፥ ማዝ የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው አይገኝም። ማዝ በሕክምና ስሙ ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ነው። ስለዚህ በሽታና ለሕዝብ ስለሚታደለው መድኃኒቱ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አያቴ ያቀረቡልኝ አንድ ጥያቄ ነው። አያቴ ወደ ዓይናቸው የታጠፈውን ሽፋሽፍት በወረንጦ ማስነቀል የጀመሩት እኔ ከመወለዴ በፊት ሲሆን፥ አሁን ነቃያቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት በደጃፍ ተቀምጠን ስነቅልላቸው፥ «ልጄ፥ ያ ቁመታችሁን በዱላ እየለኩ የሚያውጧችሁ ኪኒን ዓይን የሚያድን ከሆነ የእኔን ለምን አላዳነውም? እኔም እኮ ውጫለሁ» አሉኝ። በሥነ ሕይወት ትምህርት ጥሩ ማርክ አለኝ ብዬ የምመካው እኔ መልስ አጣሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ መምህሬን ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማዝን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከታመመ ሕፃን ዓይን የሚወጣው ዓይናር በእጅ፥ ፊት በተጠረገበት ጨርቅና በዝንብ አማካይነት ወደ ሌላው ዓይን ያደርሰዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጉዳት ይድናል። ክፋቱ ልጅን ደጋግሞ ሲይዝ ነው፤ ያን ጊዜ ከዓይን ቆብ በስተውስጥ ጠባሳ ይፈጠራል፤ ጠባሳውም በብዙ ዓመታት ውስጥ እንደ ደረቀ ቆዳ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ በኋላ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ብሌኑን የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ክፍል ይፍቀዋል፤ መጨረሻውም መታወር ነው። በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ ማዝ ተገኝቶባቸው ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ቁጥሩ ከመቶ 62 በላይ ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንለፍ። አዚትሮማይሲን ማክሮላይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው፤ ይህም ስም የተሰጣቸው ሞለኪዩላቸው ትልቅ ቀለበት ስላለው ነው። የወገኑ በኵር ኤሪትሮማይሲን የተገኘው ከአፈር ነው። በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባለ ፊሊፒናዊ ሐኪም ከኢሎይሎ የተወሰደ አፈር ኤሊ ሊሊ ወደተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላከ፤ በዚያ አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የሚያመነጨው መድኃኒት በ1952 ለገበያ ዋለ። በባክቴሪያ ላይ የሚዘምተው መድኃኒት ራሱ ከባክቴሪያ መገኘቱ እኔን እስካሁን ያስደንቀኛል። በ1980 በዛግሬብ ከተማ የፕሊቫ ኩባንያ ኬሚስቶች በቀለበቱ ላይ አንድ የናይትሮጅን አቶም ጨምረው አዚትሮማይሲንን ሠሩ። ፋይዘር የተባለው ኩባንያም በ1998 ለማዝ መከላከያ በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ።

የመድኃኒቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበት ሪቦዞም የሚባል ሥራ ቤት አለው። የሚሠራው ፕሮቲን እንደ ክር እየረዘመ በጠባብ ቀዳዳ በኩል ይወጣል፤ ማክሮላይድም ሄዶ የሚቀመጠው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ክሩ መውጫ ሲያጣ ሥራው ይቆማል፥ ባክቴሪያውም መራባት ይሳነዋል። የሰው ሕዋስ ሪቦዞም ቅርጹ የተለየ ስለሆነ መድኃኒቱ በደንብ አይገጥመውም። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ግን ከነጭራሹ የራሱ ሪቦዞም የለውም፤ ስለዚህ ለጉንፋን አዚትሮማይሲን መዋጥ በር በሌለው ቤት ላይ ቁልፍ እንደ መፈለግ ነው። ይህን የምጽፈው እያፈርሁ ነው፤ አምና ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ፍሬ ገዝቼ የዋጥሁ እኔ ነኝና። ያተረፍሁት የሆድ ቁርጠት ብቻ ነበር። እርሱም ምክንያት አለው፤ ማክሮላይዶች አንጀትን የሚያንቀሳቅሰውን የሰውነታችንን ሆርሞን ይመስላሉ።

ቀድሞ ማዝ የሚታከመው በቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር። ቅባቱ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ ስድስት ሳምንት መደረግ ይገባዋል። በአጨዳ ወራት የሚያለቅሱ አራት ልጆችን ዓይን ጧትና ማታ ስድስት ሳምንት የምትቀባ እናት ከየት ትገኛለች? አዚትሮማይሲን ግን ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት ውስጥ ይገባና በዚያ ለብዙ ቀናት ይቆያል። ክላሚዲያም ተደብቆ የሚኖረው በሕዋስ ውስጥ ስለሆነ አንድ ቀን የተዋጠው ይበቃል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም ነው፤ በየመንደሩ ሚዛን ማዞር ስለሚያስቸግር በዱላ ቁመት ይለካል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ዛሬም ቅባቱ ነው የሚደረግለት።

እንግዲህ የአያቴ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ያጠፋል እንጂ ጠባሳውን አይፈታም። ለአያቴ የተሰጣቸው ለእርሳቸው ዓይን ሳይሆን፥ በሽታው በመንደሩ ውስጥ እንዳይዞር ነው። ለታጠፈ ቆብ መፍትሔው ዓይኑን አደንዝዞ ቆቡን ወደ ውጭ የሚመልስ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው።

ይህ መድኃኒት ለዓይን ተብሎ ቢታደልም ሥራው በዓይን አያበቃም። በ2006 በምሥራቅ ጎጃም፥ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፥ ታና የተባለ ጥናት ተጀመረ። አጥኚዎቹ በ2009 እንዳሳተሙት፥ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። የሳንባ ምችንና ተቅማጥን የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም አብረው ስለሚመቱ ነው ተብሎ ይታሰባል። በ2018 የታተመ በኒጀር፥ በማላዊና በታንዛኒያ የተደረገ ትልቅ ጥናትም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከመቶ 13 ተኩል ያህል መቀነሱን አሳየ።

ነገር ግን እዚያው ጎንቻ ሌላም ነገር ታየ። የሳንባ ምችን የሚያመጣው ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ልጅ አፍንጫ ውስጥም ይኖራል። በየሦስት ወሩ መድኃኒት በታደለባቸው ቀበሌዎች ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሞ የተገኘባቸው ልጆች በመጀመሪያ ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ በዓመቱ ከመቶ 46.9 ደረሱ። ይህን ቁጥር ሳነብ ያሰብሁት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዋጥኋቸውን እነዚያን ሦስት ፍሬዎች ነው። አንድ ቀን የሳንባ ምች ለሚይዘው ሕፃን የሚያስፈልገውን መድኃኒት ጉንፋን ይዞን እናባክነዋለን።

ከዚህም ሌላ ዕደላው ብቻውን ማዝን አልነቀለም። በጉራጌ በተደረገ ጥናት በሽታው በመድኃኒቱ ወደ ኢምንት ከወረደ በኋላ ዕደላው ሲቆም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በክልላችንም ለዓመታት ከታደለ በኋላ በ2010ዎቹ ዓመታት በተደረጉት ምርመራዎች ብዙ ወረዳዎች ከመቶ 5 ከሚለው ወሰን በታች መውረድ አልቻሉም። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የአዊ አገር ዝናብ የሚያጣ አይደለም፤ ከአያቴ ቤት እስከ ምንጩ ግን ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። በጀርባ የመጣ ውኃ መጀመሪያ ለወጥ፥ ቀጥሎ ለጥጃ፥ በመጨረሻ ለልጅ ፊት ነው። ለፊት የሚበቃው አንድ ጣሳ ነበር። ዝንቡም የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ያለው ቤት በመንደራችን ገና ጥቂት ነው።

መልሱን ለአያቴ በአዊኛ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «ታዲያ ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ማን ነገረኝ?» አሉ። በጥር ወር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸውና የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ተሰፋ። ያጡት ብርሃን አልተመለሰም፥ መወጋቱ ግን ቀርቷል። የግራው ከፋሲካ በኋላ ይሠራል። ወረንጦውን እስከዚያ ድረስ አልጣሉትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል።