በመተንፈሻ መሣሪያ የሚታገዝ ሕመምተኛ፦ ማረጋጊያ መድኃኒት እና ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር

በኮቪድ-19 ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን በራሳቸው መተንፈስ ሲሳናቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሜካኒካል ቬንቲሌተር በተባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ይታገዛሉ። አየሩ የሚደርሳቸው ብዙውን ጊዜ በአፍ በኩል እስከ አየር ቧንቧ በሚገባ ቱቦ ነው። ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሚያልፍ ሕመምተኛው መናገር አይችልም፤ ሕመም፣ ፍርሃትና የመታፈን ስሜትም ሊያስጨንቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት የሕመም ማስታገሻና ማረጋጊያ መድኃኒት ይሰጠዋል።

መድኃኒቱ በልክ መሆን ያለበት ለምንድን ነው?

ሕመምተኛው ጨርሶ ቢተኛ የሚያርፍ የሚመስላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ መድኃኒት የሚያመጣው እንቅልፍ የተፈጥሮ እንቅልፍን አይተካም። ከሚያስፈልገው በላይ የጠለቀ ሰመመን በመሣሪያው ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያራዝም፣ ጡንቻውን ሊያዳክምና ለአእምሮ መደናገር ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ ሁኔታው ሲፈቅድ ሐኪሞች መጠኑን ይቀንሳሉ፤ ዓላማው ሕመምተኛው ሳይጨነቅ፣ ሲጠሩት ዓይኑን የሚገልጥ እንዲሆን ነው። ሳንባው እጅግ የተጎዳ ሕመምተኛ ግን ለጊዜው ጥልቅ ሰመመን ሊያስፈልገው ይችላል።

ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር ምንድን ነው?

በሕክምና አጠራሩ ዲሊሪየም የሚባለው ይህ ሁኔታ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚከሰት የአንጎል ሥራ መታወክ ነው። ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የእንቅልፍ እጦትና ከሰው መነጠል ያባብሱታል። ሕመምተኛው ያለበትን ቦታና ጊዜ ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ቱቦውን ለመንቀል ይታገላል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ይፈዛል፤ ይህኛው እንደ ዕረፍት ስለሚቆጠር ሳይታወቅ ያልፋል። ምልክቱ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሊመጣና ሊሄድ ይችላል።

ባለሙያዎች በቀላል ዘዴ ይመረምሩታል። ለምሳሌ ፊደላት እየተጠሩ አንድ የተወሰነ ፊደል በተሰማ ቁጥር ሕመምተኛው የመርማሪውን እጅ እንዲጨብጥ ይጠየቃል፤ ደጋግሞ ከሳተ ትኩረቱ መታወኩን ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነና በ14 አገሮች የታከሙ 2,088 ጽኑ የኮቪድ-19 ሕሙማንን የተመለከተ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዲሊሪየም እንደገጠማቸው አሳይቷል። ቤንዞዳያዜፒን ከተባሉት ማረጋጊያዎች አጠቃቀም ጋር ችግሩ በርክቶ ታይቷል፤ ቤተሰብ በአካል ወይም በቪዲዮ በጎበኛቸው ዘንድ ግን በ27 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

• ሕመምተኛው የሚለብሰውን መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ለክፍሉ ማስረከብ፤
• አፍ የፈታበትን ቋንቋ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ እንዲሁም የአልኮልና የጫት ልማዱን ሳይደብቁ ለባለሙያ መንገር፤
• መግባት ሲከለከል በባለሙያው እገዛ በስልክ መነጋገር፤ በሚወደው መጠሪያ እየጠሩ ዕለቱን፣ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ በረጋ ድምፅ ማሳወቅ፤
• ሲቃዥ አለመከራከር፣ አለመቆጣትም፤
• እጁ ታስሮ ቢገኝ በራስ ፈቃድ አለመፍታት፤ ምክንያቱን ባለሙያውን መጠየቅ፤
• ስለ ተቁነጠነጠ ብቻ ማስተኛ እንዲጨመርለት አለመወትወት።

ዲሊሪየም እብደት ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ አይደለም። በዚህ ሥጋት ሕመምተኛውን ከሕክምና ማስወጣት ሕይወቱን ያሳጣዋል። ጸሎት የሚሻ ቤተሰብ ሕክምናው ሳይቋረጥ ድምፁን በስልክ ሊያሰማው ይችላል።

አብዛኛው ሕመምተኛ ከመደናገሩ ይወጣል። ሆኖም የመርሳት፣ የትኩረት ማጣትና የቅዠት ችግር ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የሚታይበትን ሰው እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ተለወጠ ሰው ከመቁጠር ይልቅ ለክትትል ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።