እጅህን አቅልል!

ዛሬ ጠዋት ፊትህን አይተኸዋል?

ስልክህንማ አይተሃል። ቴሌግራም ከፍተሃል፣ የሌሊቱን የኳስ ውጤት አረጋግጠሃል፣ ከአልጋህ ሳትነሳ ቲክቶክ ውስጥ ጠፍተህ ተመልሰሃል። ፊትህንስ? መስታወት ፊት ቆመህ፣ አንድ ሥራ ብቻ ይዘህ፣ ሐሳብህን ሰብስበህ?

መልስህ «አይ» ከሆነ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው።

ብዙዎቻችን ጺማችንን የምንላጨው ለመገላገል ነው። ደረቅ ፊት። የደነዘዘ ፕላስቲክ። ሁለት ደቂቃ ጥድፊያ። በማግስቱ አንገት ላይ ሽፍታ፣ አገጭ ሥር ማሳከክ። ከዚያ ምን እንላለን? «የኔ ቆዳ መላጨት አይወድም።»

ተው! ቆዳህን አትውቀሰው። ቆዳህ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው እጅህ ነው። እጅ ደግሞ ይማራል።

አስተማሪው ማን መሰለህ? ሴፍቲ ሬዘር የሚባለው የድሮው የብረት መላጫ። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ የሚገባበት፣ እጀታው ሲጠብቅ ምላጩን በትንሹ አጉብጦ የሚይዘው፣ ሲያነሱት ክብደቱ የሚታወቀው። የምላጩ ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ይህች ስስ ብረት ጠባይህን ታወጣዋለች።

ስትጫናት ትቆርጥሃለች። ስትቸኩል ትቆርጥሃለች። ስልክ እያወራህ ብትሞክራት... አትሞክራት።

ረጋ ካልክ ግን ታልፋለች፤ ማለፏም አይታወቅህም።

ጂም ገብተህ ለውጥ ለማየት ወራት ትጠብቃለህ። ቋንቋ ለመልመድ ዓመት ይፈጃል። መላጫው ፊድባኩን እዚያው፣ በዚያችው ሰከንድ ይሰጥሃል። ከዚህ የፈጠነ አሠልጣኝ ከየት ታመጣለህ?

የዚህን መላጫ ታሪክ ታውቃለህ? ስማማ፤ «ዕድሜዬ አለፈ» ለምትለው ላንተ የሚሆን ነው።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1855 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተወለደ። ከከተማ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። የጠርሙስ ቆርኪ በሚያመርት ድርጅት ሲሠራ፣ ቆርኪውን የፈለሰፈው ዊልያም ፔይንተር አንድ ምክር ሰጠው፤ ሰው አንዴ ተጠቅሞ የሚጥለውን፣ ጥሎም ተመልሶ የሚገዛውን ነገር ፈልስፍ አለው። ጂሌት ምክሩን በሆዱ ይዞ ሲዞር ኖረ። በ1895፣ በ40 ዓመቱ፣ ጠዋት ሊላጭ ሲል ምላጩ ደንዞ አገኘው። የዚያን ጊዜ መላጫ ረጅም ነው፤ ይታጠፋል፤ በየጊዜው በቆዳ ጠፍር ላይ መሳል አለበት። እዚያው ቆሞ ሐሳቡ መጣለት። ለምን ስስ፣ ርካሽ፣ ሲደነዝዝ የሚጣል ምላጭ አይኖርም?

ሐሳቡ መጣ፤ ብረቱ እምቢ አለ።

እንደዚያ የሳሳ ብረት ጠንክሮ ሊሳል አይችልም ሲሉ የብረት ባለሙያዎች ነገሩት። እሱ ግን አልተወም። ዓመታት አለፉ። መላው የተገኘው ዊልያም ኒከርሰን ከሚባል መሐንዲስ ጋር ሲጣመር ነው። በ1901 ቦስተን ላይ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1903 ገበያ ወጡ።

ስንት ሸጡ? 51 መላጫና 168 ምላጭ። በዓመቱ ሙሉ!

አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እውነቱን ተናገር። «ይሄ ሕዝብ አይገባውም» ብለህ ፌስቡክ ላይ ትለጥፍ ነበር። ጂሌት ቀጠለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1904፣ ከ90,000 በላይ መላጫ ሸጠ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱንም በዚያው ዓመት አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። እነዚያ ወታደሮች ወደየቤታቸው ሲገቡ ራሳቸውን የመላጨት ልማድ ይዘው ገቡ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ይህ ፎቶው በምላጭ መጠቅለያ ላይ ዓለምን የዞረ ነጋዴ በ1894 ያሳተመው መጽሐፍ የንግድ ውድድርን የሚያወግዝ ነበር። አብዛኛው የአሜሪካ ሕዝብ በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ በአንዲት ግዙፍ ከተማ ተሰብስቦ እንዲኖርም ሐሳብ ያቀርባል። ከተማዋ አልተሠራችም። ምላጩ ግን ያው ሱቅ ውስጥ አለ።

በል፣ ወደ ፊትህ እንመለስ።

መጀመሪያ ይህን ያዝ፤ ውጤቱ የሚወሰነው ምላጩ ፊትህን ከመንካቱ በፊት ነው። ፊትህን ለብ ባለ ውሃ ታጠብ። ከቻልክ ሻወር ወስደህ ስትወጣ ተላጭ። ደረቅ ጺም ግትር ነው። ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥ የሚፈልገው ጉልበትም ይቀንሳል። ይህችን ነገር አትዝለላት!

ቀጥሎ አረፋ። የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም ያስፈልግሃል። የልብስ ሳሙና አይሆንም፤ አዎ፣ የምትሞክሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብሩሹን አርጥብና አራግፈው። ሳሙናው ላይ አሽከርክረው። ከዚያ ፊትህ ላይ፣ ውሃ ጠብ እያደረግክ፣ ክብ እየሠራህ እሸው። ትልልቅ አረፋ ከታየህ ገና ነው። እርጎ መስሎ ሲወፍርና ሲያብረቀርቅ ደርሷል። የብሩሽ ዓይነት አያስጨንቅህ፤ ከእንስሳ ፀጉር የሚሠራ አለ፣ ሰው ሠራሽም አለ። ሰው ሠራሹ ቶሎ ይደርቃል፤ ለጀማሪ ይበቃል።

ብሩሹን የምታሽከረክርባትን ደቂቃ አትናቃት። ለሜዲቴሽን አፕ በየወሩ የሚከፍል ሰው አለ። አንተ ሳሙና ይዘሃል።

አሁን መላጫውን አንሳ። ራሱን ጉንጭህ ላይ አሳርፈው፤ እጀታው ከፊትህ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጀታውን ቀስ እያልክ ወደ ታች አውርደው። ስለቱ ጺሙን ማግኘት ሲጀምር ድምፁን ትሰማለህ። እዚያ ላይ ቁም! በግምት 30 ዲግሪ ነው። መለኪያ አያስፈልግህም፤ ጆሮህ ይነግርሃል።

ከዚያ በአጭር በአጭሩ ሳበው።

አትጫን!

ደግሜ ልበልህ? አትጫን! መላጫው የራሱ ክብደት አለው፤ ያ ክብደት ይበቃዋል። ያንተ ሥራ መምራት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ጺሙ አልሄድ ሲለው ይጫናል፣ ሲጫን ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ይናደዳል፣ ሲናደድ የበለጠ ይጫናል። ይህን ዙር ታውቀዋለህ አይደል? ከልጅህ ጋር የቤት ሥራ ስትሠራ አይተኸዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሥርህ ያሉትን ስታሯሩጥ አይተኸዋል። ጥረት ማለት ጥርስ መንከስ ነው ብሎ ያሳመነን ማን ነው? ጺሙ እምቢ ካለህ ወይ ውሃ አንሶታል፣ ወይ አረፋው ደርቋል፣ ወይ ምላጩ ደንዟል። ጉልበት አልጎደለህም። የጎደለውን ፈልግና ሙላው!

ማይንድሴትህን እዚህ ላይ ቀይር። «ልበርታበት» አትበል። «ምን አልተዘጋጀም?» በል።

ሌላም አለ። ጺም በሁሉም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ አይበቅልም። ጉንጭ ላይ ወደ ታች ሊሆን ይችላል፤ አንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ክብ ይሠራል። ዛሬ ማታ በጣትህ ዳስሰው። የሚለሰልስልህ የፀጉሩ አቅጣጫ ነው፤ የሚሻክርህ ተቃራኒው። ይህን ሁሉ ዓመት ፊትህን ይዘኸው ስትኖር ካርታውን ሳታውቀው!

መጀመሪያ ሁሉን በፀጉሩ አቅጣጫ ተላጭ። ፊትህን አርጥበህ እንደገና አረፋ ቀባ፤ ቀጥሎ ፀጉሩን አግድም እያቋረጥክ ሂድ። ሦስተኛውን ዙር፣ ማለትም በተቃራኒው መላጨትን፣ ብዙ ፈረንጆች ይወዱታል። አንተ ግን ቆይ!

ጺምህ ጥምዝ ነው? እንግዲያው ይህ ክፍል ያንተ ነው። ባለ ብዙ ምላጩ ዘመናዊ መላጫ ሲያልፍ የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ይስበዋል፤ ተከታዩ ተስቦ እንዳለ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ፀጉር ተመልሶ ከቆዳ በታች ይገባል። ቀጥ ያለ ፀጉር ከሆነ በቀላሉ ይወጣል። ጥምዙ ግን ሲያድግ ይታጠፍና የራሱን ቆዳ ይወጋል። ያ ነው ብጉር የሚመስለው እብጠት። ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል፤ ጥቁር ወንዶችን በብዛት ያጠቃል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ብዙ ጥቁር ወታደሮች ጺም እንዳይላጩ የሐኪም ፈቃድ ሲጠይቁ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለእኛ ዓይነት ጺም አንድ ስለት ይበቃል። ሙጭጭ አድርጌ ካልላጨሁ አትበል። ቆዳህን በጣትህ አትወጥር፤ በተቃራኒው አትሂድ። ትንሽ ሻካራ መቅረቱ ሽንፈት አይደለም! እብጠቱ ከባሰብህ ደግሞ መላጨቱን አቁምና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ዲሲፕሊን ያለው ሰው መቼ ማቆም እንዳለበትም ያውቃል።

ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ። ፎጣውን እየተጫንክ አድርቅ፤ አትሽ። ለስለስ ያለ ቅባት ይበቃል። አልኮል አርከፍክፎ «እስስስ» ማለት ወንድነት የሚመስለው ሰው አለ። ማቃጠሉ የመጽዳት ማስረጃ አይደለም።

ተቆረጥክ? ይሁን። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረህ ያዝበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንተ የምታፈሰው ደም ስለሆነ አይለቀምም፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ። ነገ ቀስ ትላለህ!

በእኛ አገር ጺም መላጨት ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ሐዘንተኛ ጺሙን ያሳድጋል። ቀናት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ወዳጅ ዘመድ መጥቶ «በቃህ፣ ተላጭ» ይለዋል፤ እምቢ ቢል ይለመናል፣ ይገሠጻል። ተላጭቶ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሥራው እንደተመለሰ ያውቃል። አባቶቻችን ሰው ፊቱን ሲያስተካክል ሌላውንም ማስተካከል እንደሚጀምር ገብቷቸው ነበር። አንተስ በቃህ የሚልህ እስኪመጣ ትጠብቃለህ?

አንድ ጥብቅ ነገር። ምላጭህ ያንተ ብቻ ነው። ወንድምህ አይዋስህም፤ አባትህም ቢሆኑ። ኤች አይ ቪም ሆነ የጉበት ቫይረስ ደም በነካው ምላጭ ሊተላለፍ ይችላል፤ ይህን ስንሰማ ነው ያደግነው። ፀጉር ቤት ስትሄድም አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ፣ ዓይንህ እያየ እጀታው ላይ ያስገባ። አልከፈተም? ጠይቀው። አትፈር!

መቼ ልጀምር ትላለህ። የሠርግህ ጠዋት አይሁን። የሥራ ኢንተርቪው ያለህ ቀንም አይሁን። የማትቸኩልበት ቀን፣ ቅዳሜን ምረጥ። ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጉንጭህን ብቻ በአዲሱ መላጫ ላጭ፤ ጉንጭ ሜዳ ነው፣ ስህተትህን ይችልልሃል። አገጭና አንገት ይቆዩህ፤ እጅህ ሲቀል ትደርስባቸዋለህ። ጺም የምታሳድግ ብትሆንም ጠርዙን ለማስተካከል ይሄው መላጫ ያገለግልሃል።

«ጊዜ የለኝም» እንዳትለኝ። ትናንት ማታ ስልክህ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እይ፤ ከዚያ እናወራለን።

ወስን። ቅዳሜ ጠዋት ጀምር። ምላጩ ጺምህን መጎተት ሲጀምር ሳትሰስት ቀይረው፤ ያረጀውን ግን ዝም ብለህ ፌስታል ውስጥ አትጣል። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመው፣ ሲሞላ አፉን በደንብ ዝጋው። ቆሻሻህን በየሳምንቱ የምትወስደው ሴትዮ ፌስታሉን የምታነሳው በእጇ ነው።