ክርስቲያን ሲሸጥና ሲገዛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ጾምና ጸሎት፣ ስለ ስግደትና ምጽዋት ብዙ ጊዜ ተምረናል። ዛሬ የምንማረው ግን ከቅዳሴ ወጥተን ገበያ ስንገባ ስለሚገጥመን ነገር ነው። እሑድ ነጠላ አጣፍተን በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የምንቆመውም፣ ሰኞ በሱቅ ደጃፍ ቆመን የምንሸጠውና የምንገዛውም እኛው ነን። ለትምህርቱ ምሳሌ የሚሆነን ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ አይደለም። በራሳችን ላይ የደረሰ፣ ይልቁንም በራሳችን እጅ ሊፈጸም ጥቂት የቀረው ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍላችን አባላት በየወሩ ከኪሳችን እያዋጣን አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዛን። ዓላማችን የታመሙ አባላትንና ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያንን ለመጠየቅ፣ መልእክትም ቶሎ ለማድረስ ነበር። ሻጩ፣ «ፍሬኑ አዲስ ነው፤ ተጋጭቶም አያውቅ» አለን። ቀለሙ ያብረቀርቅ ስለነበር አመንን።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወንድማችን ከቁስቋም ኮረብታ ወደ ከተማ ሲወርድ ከፊተኛው ጎማ በኩል ሲጢጢ የሚል ድምፅ ሰማና ወርዶ እየገፋ ወሰደው። መንገድ ዳር ፖምፓቸውንና የውኃ ሳፋቸውን ይዘው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ጎማውን ፈቱ፤ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘውን ብረት በምስማር ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከቀለሙ ሥር ተሰብሮ የተበየደ ቦታ ታየ፤ ብየዳውም እንደገና መሰንጠቅ ጀምሯል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ልጆቼ፣ ይኸ ቁልቁለቱ ላይ ቢለቅ ኖሮ የምታዋጡት ለብስክሌት ሳይሆን ለተዝካር ነበር» አሉን።

ብስክሌቱን ወደ ገዛንበት ሱቅ መለስነው። ባለ ሱቁ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አሳየንና፣ «ዐይታችሁ አይደል የገዛችሁት?» አለን። ተናደን ወጣን።

አሁን የእኛን ነገር ስሙ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ቅዳሜ ገበያ አውጥተን እንሽጠው፤ እኛም ዐይተን ነው የገዛነው፣ የሚገዛውም ዐይቶ ይግዛ» አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን፤ ዝምታችንም እሺታ ነበር። ቀለም ገዝተን የተፋቀውን ቦታ ቀባነው።

ቅዳሜ ከደንቢያ ገጠር የመጡ አንድ አባት ለልጃቸው ሊገዙ ቀረቡ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ፔዳሉን አዙረው፣ ጎማውን ጨምቀው፣ ደወሉን መትተው ካዩ በኋላ፣ «እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። እናንተ ግን የቤተ ክርስቲያን ልጆች ትመስላላችሁ። ደኅና ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በመጨረሻ አንዲት እኅታችን፣ «አባቴ፣ ይህ ብረት ተሰብሮ የተበየደ ነው። ልጅዎን አያስቀምጡበት» አለች። ሰውየው ብስክሌቱን አዩ፣ እኛን አዩ፤ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» ብለው ገንዘባቸውን መልሰው ቋጥረው ሄዱ።

ከዚህ ነገር ምን እንማራለን?

1ኛ. የሚያውቅ ለማያውቅ ዕዳ አለበት

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር ሕዝቡን ሚዛናቸው ትክክል እንዲሆን፣ አንዱ ለመግዣ ሌላው ለመሸጫ የሚሆን ሁለት ዓይነት መመዘኛ በከረጢታቸው እንዳይዙ አዟል። በብስክሌት ሱቅ ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ የባለሙያው አንደበት ነው። ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ማኑብሪ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው ሁላችንም አፍ ገብተዋል፤ ስማቸውን እንጂ አሠራራቸውን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የሻጩን ቃል ጭምር ነው።

ጎማ መጠገንን እንውሰድ። ቀዳዳው በውኃ ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ዙሪያው ይፋቃል፤ ማስቲሽ ይቀባል፤ ማስቲሹ ጠፈፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ልጣፉ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። ጠጋኙ ቸኩሎ በእርጥቡ ላይ ቢለጥፈው ለዓይን ያው ነው። የሚለቀው ደንበኛው ከፍሎና አመስግኖ ከሄደ በኋላ፣ ምናልባትም ሲመሽ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ነው። እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ማንም የማያየው መታመን ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት እንደሚከፍል ተጽፏል። ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት በቀለም የተሸፈነ ጉድጓድ ነው፤ የሚገባበትም የሰው ልጅ ነው።

2ኛ. የአገር ሕግም ይህንኑ ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ መድን እንዲሆን ያስገድዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጥራቱን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ያገለገለውን ወይም የታደሰውን ዕቃ አዲስ ነው ማለትንም ከልክሏል። እንግዲህ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዕዳን አይሰርዝም።

ስለ አክብሮት አንድ ነገር እንጨምር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 በጉባኤ መካከል የወርቅ ቀለበት ያደረገውን አክብሮ ድሃውን ስለሚያቃልል ሰው ገሥጿል። ይህ ለሱቅም ይሠራል። ባለ ከረባቱ በመኪና መጥቶ ሲያዝ ሁሉ ተነሥቶ ይሯሯጣል። በላስቲክ ጫማ የመጣው ገበሬ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዋጋ ሲጠይቅም ይገላመጣል። ደንበኛን በወንበር ማስቀመጥ፣ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜና ዋጋ አስቀድሞ መንገር፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ማሳየት ገንዘብ አያስወጣም።

3ኛ. ገዢም ይጠየቃል

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ከሄደ በኋላ ስለሚመካ ገዢ ይናገራል። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን በልጅነቱ በሰዓት የተከራየውን ብስክሌት ራጂውን ሰብሮ ወይም ቸርኬውን አጣሞ በዝምታ ያልመለሰ ስንቱ ነው? ጠጋኙ እጁን በቅባት አጥቁሮ ከሠራልን በኋላ የተስማማንበትን ዋጋ የምንቀንስ፣ በዱቤ አሠርተን በሌላ መንገድ የምንዞርስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ቶሎ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ያልመረመረ ገዢ ለክርክር በር ይከፍታል፤ መመርመር ባልንጀራን መጠርጠር አይደለም።

4ኛ. መመለስ ይቻላል

ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 በዓሉ መቼ ባለፈና በሐሰት ሚዛን በሸጥን እያሉ የሚቸኩሉ ነጋዴዎችን ወቅሷል። በዓል አላፈረሱም፤ ልባቸው ግን በበዓሉ ቀን ሱቅ ውስጥ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የምናገኘው ዘኬዎስ ግን ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። እርሱ ዘንድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አልነበረም።

እኛስ ምን አደረግን? ሽማግሌው ጠጋኝ የተሰበረውን ብረት አውጥተው ሌላ ገጠሙልን። ብስክሌቱ ከተገዛበት ዋጋ ሲሶ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ አወጣን፤ ይህንንም ለማዋጣት ሦስት ወር ፈጀብን። ዛሬ አረጋውያኑን በእርሱ እንጠይቃለን። የመጀመሪያውን ሻጭ ስም በዚህ ጽሑፍ ያልጠራነው ፈርተን አይደለም፤ እኛም በዚያው ስንጥቅ ላይ ቀለም ቀብተን ነበርና ነው። ከእርሱ የለየችን የአንዲት እኅት ቃል ብቻ ናት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ. የተታለለ ሰው ያንኑ ዕቃ ሳይናገር ቢሸጥ በደሉ የማን ነው?

ለ. በጉባኤ መካከል ስሕተት ሲታሰብ ዝም ያለ አባል ድርሻው ምንድን ነው?

ሐ. በዚህ ሳምንት ያልከፈልነው የእጅ ዋጋ ወይም ያልነገርነው ጉድለት ካለ እንዴት እንመልሰው?

አምላካችን እግዚአብሔር ሥራችንን ከጸሎታችን ጋር ያስማማልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።