ለእህቴ ልጅ፣ ከመፈረምህ በፊት

ሐሙስ ማታ ከዴራ ደውለህ «ጓደኛዬ ባጃጅ ሊገዛ ነው፤ ለብድሩ ዋስ ሁነኝ አለኝ፤ ምን ትላለህ?» ስትለኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። አሰላ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጭላሎ ደመናውን እስኪገልጥ ድረስ የጻፍኩልህ ይኸውልህ።

1. ዋስ ምስክር አይደለም፤ ከፋይ ነው። «ስሜን እንጂ ብሬን አልሰጠሁም» የሚል ሰው እስኪከሰስ ድረስ ብቻ ነው እንዲህ የሚለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋሱን አልረሳውም፤ ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ካልተጻፈ ውሉ አይጸናም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ፈልግ። ቀጥለህ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ እንዳለበት እይ። ካለ አበዳሪው ጓደኛህን ሳይነካ በቀጥታ አንተን መክሰስ ይችላል።

ይህን ያወቅኩት አንብቤ እንዳይመስልህ። በጎልማሳነቴ ለአንድ ዘመዴ ዋስ ስሆን የገንዘቡ ቦታ ባዶ ነበር። ጸሐፊው «እሱን በኋላ እንሞላዋለን፣ አንተ እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ዘመዴ አጠገቤ ቆሟል፤ ብጠይቅ ያላመንኩት ይመስላል ብዬ አፈርኩና ፈረምኩ። በኋላ የተሞላው እኔ ከሰማሁት እጥፍ ነበር። ሁለት በሬ ሸጬ ከፈልኩ። እናትህን ጠይቃት፤ የቀዩን በሬ ነገር ዛሬም ታነሳብኛለች። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርም፤ አጠገብህ የቆመው ወንድምህም ቢሆን።

2. ዕዳ አይረሳም። ጥንት ባለዕዳና አበዳሪ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። አያትህ ካዱ ከሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያ በዱቤ ሲወስድ ደግሞ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ በአውራ ጣቱ ያጸናው ነበር። የዛሬው ቋጠሮ አይታይም እንጂ አልተፈታም፤ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስላለው፣ አንዱ ባንክ ጋ ያበላሸኸውን ሌላው ባንክ ሊያበድርህ ሲል ያየዋል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ላይ ያሉት «መላ» እና «እንደኪሴ»ም ብድር ናቸው። ስልክህ ውስጥ ስላሉ የኪስህ ገንዘብ አይምሰሉህ፤ በቀናቸው ክፈል።

3. ለጓደኛ ስታበድር ጻፍ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። በ1952 ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ሆናችሁ ምሳ ብትበሉ ያልቃል፤ ሕጉ ግን እዚያው ነው። ስትመልስም እንደዚሁ፣ መመለስህን አስፈርም። በባንክ ብታስተላልፍ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

4. የሚስጥር ቁጥርህን የሚጠይቅህ ሌባ ነው። ድምፁ ትሑት ይሆናል፤ ስምህን ከነአባትህ ይጠራል። «ከባንክ ነው፤ ሒሳብህ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የሚደርስህን ቁጥር አንብብልኝ» ይልሃል። ያ ቁጥር የቤትህ ቁልፍ ነው። ስልኩን ዝጋና ራስህ ደውል፤ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951። ወዳጅህ በቴሌግራም «ቸግሮኛል፣ 5 ሺህ ብር ላክልኝ» ካለህም ደውለህ ድምፁን ስማ፤ አካውንቱን ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል።

«በስህተት ላክሁልህ፣ መልስልኝ» ለሚልህ ደግሞ መልእክቱን አይደለም፣ ቀሪ ሒሳብህን እይ። በእውነት ያንተ ያልሆነ ገንዘብ ከገባ በባንኩ በኩል ይመለስ፤ አትንካው። መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሥርዓት ሲበላሽ የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ አውጥተው ያልመለሱ ሰዎች ስማቸው ከነፎቷቸው ተለጥፎ አይተናል። ብዙዎቹ ያንተ እኩዮች፣ ተማሪዎች ነበሩ።

5. መታወቂያህን እንደ ሠርግ ጥሪ አትበትን። የፋይዳ ካርድህን ፎቶ አንስተህ ለማታውቀው ደላላ አትላክ። ኮፒ ግድ ከሆነ ኮፒው ላይ አግድም «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብለህ ቀን ጻፍበት፤ ያኔ ለሌላ ጉዳይ ማዋሉ ይከብዳል። በስምህ ሲም አውጥተህ ለሰው አትስጥ፤ በዚያ ቁጥር የተሠራው ሁሉ ያንተን በር ነው የሚያንኳኳው። እዚያ መናኸሪያው አጠገብ ላለው ልጅም «ቴሌብር ክፈትልኝ» ብለህ ስልክህን ከነፒኑ አትስጠው። ልጁ ደግ ሊሆን ይችላል። ደግነቱን በፒንህ አትፈትነው።

6. ከተዘረፍክ አትፈር። የሚያስረፍደው ኀፍረት ነው። መጀመሪያ ባንኩን ወይም ቴሌን፣ ከዚያ ፖሊስን። መልእክቱን አታጥፋ፤ የደወለበትን ቁጥርና ሰዓት መዝግብ። በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሰውን የኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅን ወንጀል አድርጎታል።

ለጓደኛህ ዋስ አትሁን አላልኩህም። ጥሩ ልጅ ነው ብለሃል፤ አምንሃለሁ። እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ያዝና ና። ውሉን ሳትፈርም ይዘህ፣ ጓደኛህንም አስከትለህ ና፤ ሦስታችን ሆነን እናነበዋለን።