ሲሞቅ እምቢ የሚል ሞተር

ሞተር ብስክሌት በገጠራችን እየተለመደች የመጣች ዕቃ ናት። ከድምጿ የተነሣ ዶቅዶቄ የሚሏትም አሉ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ ከአስፋልቱም ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ በሚገባው ኮረኮንች መንገድ ሰው ትጭናለች፤ መድኃኒት ትጭናለች፤ የእህል ጆንያም ሳይቀር ትጭናለች። በቅሎ ሲታመም ምን እንደሚደረግ ከአባቶቻችን ተምረናል። ሞተር ሲታመም ግን ብዙዎቻችን ግራ እንጋባለን። ዛሬ ከሞተር በሽታዎች አንዱን ብቻ እንመለከታለን።

በሽታው እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ርግጫ ይበቃዋል። መንገድ ላይም ያለ ችግር ይሄዳል። ደርሰን፣ አጥፍተን፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ ግን እምቢ ይላል። ብንረግጠው፣ ብንረግጠው አይነሣም። አንድ ሰዓት ያህል ከቀዘቀዘ በኋላ ምንም እንዳልነካው ይነሣል።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወር ይህ ነገር በእኛው ላይ ደረሰ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከነክትባት ሣጥኗ ጭነን ከማንኩሳ ወደ ውስጥ እንገባ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ እየቀለጠ ይሄዳል። መንገድ ለመጠየቅ ብለን አንድ ዛፍ ሥር አጠፋናት። ከዚያ በኋላ እምቢ አለች። ቦታው ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት ቢሆን ገፍተን እናስነሣት ነበር። ልጅቷ ሣጥኑን ተሸክማ በእግሯ ሄደች። ክትባቱ አልተበላሸም። ነገር ግን ሕፃን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ከነበሩት እናቶች አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር።

ሞተሯን ገፍተን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። እዚያ ስንደርስ ቀዝቅዛለች። ሠራተኛው አንዴ ረገጣት፤ ተነሣች። «ምንም የለባትም» አለን። ለማንኛውም ብሎ ካንዴላ ቀየረልን። በሳምንቱ ደግማ እምቢ አለች። ሌላ ዕቃ ገዛን። አሁንም ያው ነው።

ይህ በሽታ ወባን ይመስላል። የወባ ትኩሳት መጥቶ ይሄዳል። ትኩሳቱ በሌለበት ሰዓት ያየው ሰው «ደህና ነህ» ይለዋል። ሲሞቅ ብቻ እምቢ የሚል ሞተርም መመርመር ያለበት ገና ትኩስ ሳለ፣ እምቢ ባለበት ቦታ ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ ምልክቱ ሁሉ ይጠፋል። እኛ ይህን ያወቅነው ሁለት ጊዜ ገንዘባችንን ካወጣን በኋላ ነው።

ታዲያ ምኑን እንመርምር? ሞተር ለመነሣት ሦስት ነገር ይፈልጋል። ቤንዚንና አየር በልክ ተቀላቅለው መግባት አለባቸው። ካንዴላው እሳት መስጠት አለበት። ደግሞም ፒስቶኑ የገባውን አየር አምቆ መያዝ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነሣም።

ከቤንዚኑ እንጀምር። በመጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፍተን እናዳምጥ። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ያቺ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነች ቤንዚኑ ወደ ታች አይወርድም። ክዳኑን ስንከፍት «እፍ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩም ከተነሣ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። በበጋ አቧራ ይህ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ራሱ ነው። ሞተር ሲሄድ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ነፋሱ ይቀራል፤ የብረቱ ግለት ወደ ካርቡራቶሩ ይሻገራል። ቤንዚን ደግሞ ከውሃ በጣም ቀድሞ የሚፈላ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ትኩስ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በዝቶ አየር ሊያንስ ይችላል። የቤንዚን ሽታ ከሸተተን ቾክ መሳብ የለብንም። ቾክ ቤንዚን የሚያበዛ፣ ለብርድ ጊዜ የተሠራ ነገር ነው። ይልቅ ቾኩን ዘግተን፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይዘን ጥቂት ጊዜ እንርገጥ። ትርፉ ቤንዚን ይወጣል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነም ያው ችግር ይመጣል።

ቀጥሎ እሳቱን እንይ። ካንዴላውን እንፍታ፤ ትኩስ ስለሆነ በጨርቅ እንያዘው። እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን ላይደርስ ይችላል። ከዚያ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግተን ካንዴላውን ከነኮፍያው የሞተሩን ብረት እናስነካውና አንድ ሰው ይርገጥ። ካንዴላው ከወጣበት ጉድጓድ መራቅ አለበት። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይያያዛል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ወዲያ ይበል! እሳቱ ሰማያዊና ብርቱ ከሆነ ደህና ነው። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ቦቢናውን እንጠርጥር። ቦቢና ውስጥ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ሊላቀቅ፣ ሲበርድ መልሶ ሊገናኝ ይችላል።

የእኛ ሞተር ግን እሳትም ቤንዚንም ነበራት። ነገሩን የፈታው አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። «ሮጣችሁ እኔ ደጅ ድረስ አምጧት፤ እዚሁ አጥፏት» አለን። እንደ አዘዘን አደረግን። ወዲያው በእጁ የርግጫውን ብረት ቀስ አድርጎ ተጫነው። ብረቱ ያለ ምንም ትግል ወረደ። ጠዋት ግን እግር የሚመልስ ርግጫ ነበረ። «ወናፋችሁ ተቀዷል» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ቀጥቃጭ ወናፉ ቢቀደድበት አየሩ ይሾልክና እሳቱ አይነድለትም። በሞተር ላይ አየሩን የሚይዙት ቫልቮች ናቸው። ቫልቭ የሞተሩ በር ነው። አንዱ በር ያስገባል፤ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ቫልቩ ከሚገፋው ብረት ጋር የፀጉር ውፍረት ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ብረት ሲግል ይረዝማልና ነው። በብዙ ጉዞ ብዛት ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ሲግል የረዘመው ቫልቭ በሩን ጨርሶ አይዘጋም። አየሩ ይሾልካል። ሲቀዘቅዝ ብረቱ ያጥራል፤ በሩም ይዘጋል።

መካኒኩ ሞተሯ እስክትቀዘቅዝ ጠበቀ። ክፍተቱ የሚለካው በብርድ ነው። ልኩን ከሞተሯ መጽሐፍ ተመልክቶ በስስ ብረት እየለካ አስተካከለው። ዕቃ አልገዛንም፤ የከፈልነው የእጁን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመቀመጫው ሥር ደብተርና እርሳስ እናስቀምጣለን። ሞተሯ ስታስቸግር እዚያው ቆመን እንጽፋለን፤ ጋራዥ ስንደርስ ብትቀዘቅዝም ጽሑፉን እናሳያለን። ባለፈው የጻፍነው ይህ ነው፦

«ሚያዝያ 9። ማንኩሳ ገበያ ዳር። ከቆመች 10 ደቂቃ። እምቢ አለች። ክዳን ሲከፈት አየር ሳበ። ካንዴላ ደረቅ። እሳት ሰማያዊ። ርግጫው ከባድ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲረገጥ ተነሣች።»