የቤት የጨዋታ መሣሪያ እንዴት ቢሻሻል ይበጀናል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደጀን

ይህን አርእስት ስመርጥ አንዳንዱ «የጨዋታ ነገር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና በመጽሔት ይጻፋል?» ብሎ ሳይስቅብኝ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ዕቃ ወደ ቤታችን ከገባ፣ ገንዘባችንን ከወሰደ፣ ልጆችን ከደጅ ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ወላጆችንም ካስቆጣ፣ ስለ እርሱ መመርመር ቁም ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም እኔ የጨዋታ ሱሰኛ አይደለሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራ ካለቀ፣ የትምህርቱም ነገር ከተደላደለ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ሁለት ግጥሚያ የምጫወት ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ ተራ ተጫዋች ነው።

መሣሪያው ምንድር ነው?

የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ፣ ብዙዎቻችን በደፈናው «ፕሌይስቴሽን» የምንለው፣ በመሠረቱ ኮምፒዩተር ነው። ከሌላው ኮምፒዩተር የሚለየው ለጨዋታ ተብሎ በመሠራቱና ሥዕሉን በቴሌቪዥን በማሳየቱ ነው። አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከግድግዳው የሚመጣውን የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛና ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ነው። ሁለተኛው በየሴኮንዱ 30 ወይም 60 ሥዕል እያሰላ የሚያወጣው አንጎሉ ነው። ሦስተኛው ጨዋታውንና የደረስንበትን ደረጃ የሚይዘው ማኅደር ነው። አራተኛው በእጃችን የምንይዘው ጆይስቲክ ነው።

ታሪኩም ረጅም አይደለም። በቴሌቪዥን ላይ የሚሠራ የመጀመሪያው የቤት መሣሪያ «ኦዲሲ» ይባል ነበር፤ በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ራልፍ ቤር የተባለ፣ በጀርመን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ መሐንዲስ ነበር። መሣሪያው ድምፅ አልነበረውም፤ ነጥብም አይቆጥርም ነበር። የሜዳው ሥዕል ያለበት ስስ ፕላስቲክ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይለጠፍና ብርሃኑ በላዩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ፋሚኮም» የተባለውን አወጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ደግሞ ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በጃፓን ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሁለተኛውና ሦስተኛው በእኛም አገር በየከተማው ጌም ቤቶችን ከፈቱ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር

የአባቴ ታናሽ እኅት በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከደመወዟ ቆጥባ ለእኔና ለወንድሜ አንድ ያገለገለ የጨዋታ መሣሪያ ላከችልን። የማን ሥራ እንደ ሆነ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። ወንድሜ በደስታ ሌሊቱን አልተኛም። አባቴ ግን «ለእናንተ መጽሐፍ ብትልክ ይሻል ነበር» ብለው ዝም አሉ።

ሦስት ሳምንት ያህል ተጫወትን። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ፤ ጥቂት ቈይቶ ተመልሶ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከሳጥኑ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የመቃጠል ሽታም ሸተተን። ከዚያ በኋላ ብንነካው፣ ብንጫነው አልነሣ አለ። አባቴም «ይህ ሳጥን የእኅቴን ላብ በላ» አሉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔን ግን ከቁጣ የበለጠ ያሳመመኝ ይህ አነጋገራቸው ነው።

አክስቴ በየሳምንቱ ስትደውል «ትጫወታላችሁ ወይ?» ትለናለች። እኛም «አዎ፣ እንጫወታለን» እንላታለን። እንዲህ እያልን ሦስት ወር ዋሸናት። ከዚያ በኋላ ለጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ሳጥኑን በከረጢት ይዤው ሄድሁና ለአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አሳየሁት። ጠጋኙ ከፈተውና ሁለት ጥቃቅን ነገሮችን በመርፌ አፍ ጠቆመኝ። አንዱ ፊውዝ ነው። ሁለተኛው ቫሪስተር የሚባል ክብ ነገር ነው፤ ሥራውም ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ኃይል በራሱ ላይ አሳልፎ ሌላውን ዕቃ ማዳን ነው። «እነዚህ ሞተው ማሽኑን አድነውታል» አለኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ለውጦ አስነሣው። ለካስ ማሽኑ አልሞተም ነበር፤ በሕይወት ሳለ የቀበርነው እኛ ነን። ያን ቀን በመኪና ወደ ደጀን ስመለስ «የዚህ ዕቃ ሠሪ የእኛን ቤት አስቦ ቢሆን ኖሮ እንዴት አድርጎ ይሠራው ነበር?» እያልሁ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው የዚያ መንገድ ሐሳብ ነው።

ቢሻሻሉ የምላቸው ነገሮች

1ኛ/ የመብራት ነገር። መሣሪያው መብራት ጨርሶ በማይጠፋበት አገር ታስቦ የተሠራ ይመስላል። በማስቀመጥ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ የደረስንበት ደረጃ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ አነስተኛ ባትሪ በውስጡ ማድረግ ነው። እስቲ እናስላው። መሣሪያው 150 ዋት የሚወስድ ነው እንበል። ለአንድ ደቂቃ የሚያስፈልገው 150 ሲካፈል ለ60፣ ማለት 2.5 ዋት ሰዓት ነው። 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ ደግሞ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 18.5 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ለአንድ ደቂቃ የሚበቃው ኃይል ከአንድ የስልክ ባትሪ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ባትሪው ኃይሉን በፍጥነት መስጠት የሚችል ዓይነት መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው ግን በእጅ መሰርሰሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ግድ የለም፤ መሣሪያው ጨዋታውን አስቀምጦ በሰላም ይተኛል። ፊውዙና ቫሪስተሩም በአንዲት ክዳን ሥር ቢቀመጡ ማንም ጠጋኝ በደጀን ሊለውጣቸው በቻለ ነበር።

2ኛ/ የሙቀትና የአቧራ ነገር። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት የማያውቅ የለም። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጡ ጭነት መኪናዎች ሞተራቸው ይግልና ሾፌሮች ቆመው ያበርዱታል። የጨዋታ መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ይግላል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አንድ ማራገቢያ በጅቡቲና በደጀን በእኩል ፍጥነት ቢዞር፣ በደጀን የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለ ሆነ ሙቀትን የመሸከም ችሎታውም ያንሳል። የእኛን ብርድ አይቶ «ደጋ ስለ ሆነ አይግልም» ማለት በቂ አይደለም። በላዩ የበጋ አቧራ ሲጨመርበት የአየሩ መንገድ ይደፈናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አምስተኛው ፕሌይስቴሽን አቧራ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ተሠርቶለታል፤ በአቧራ መሳቢያ መኪናም ይጠረጋል። በደጀን ግን አቧራ መሳቢያ መኪና ያለው ቤት ስንት ነው? ከዚህ ይልቅ በእጅ ተስቦ የሚወጣ፣ በውኃ ታጥቦ በፀሐይ ደርቆ የሚመለስ ወንፊት ቢኖረው ይሻላል።

3ኛ/ የጆይስቲክ ነገር። ጌም ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያረጀ ጆይስቲክ ሳይነኩት ተጫዋቹን ወደ አንድ ወገን ይነዳዋል። ምክንያቱ ይህ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ አውራ ጣታችን የምታንቀሳቅሰው ዘንግ አንዲት ቀጭን ብረት በካርቦን ሽፋን ላይ ያንሸራትታል፤ መሣሪያውም የኤሌክትሪኩን ተቃውሞ ለክቶ አቅጣጫውን ያውቃል። ሽፋኑ በመፋተግ ብዛት ሲያልቅ ልኩ ይሳሳታል። ማግኔትና የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲገናኙ የሚፈጠረውን፣ ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘውን ነገር ብንጠቀም ግን መፋተግ አይኖርም። ማግኔቱ ሳይነካ ስለሚለካ አያልቅም። ይህ ሕልም አይደለም፤ የጃፓኑ ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው «ድሪምካስት» ላይ ሠርቶበታል። መልካሙ ዘዴ አስቀድሞ ከታወቀ፣ የሚያልቀውን ደጋግሞ መሸጥ ምን ይባላል?

4ኛ/ የኔትወርክ ነገር። ቀድሞ ዲስኩን የገዛ ጨዋታውን ገዛ። ዛሬ ግን ዲስኩ ከተገዛም በኋላ እርማት ከኔትወርክ ይወርዳል፤ ጨርሶ የዲስክ ማስገቢያ የሌላቸው ማሽኖችም አሉ። አንድ ጨዋታ 50 ጊጋባይት ይሁን እንበል። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያወርድ መሥመር 200,000 ሴኮንድ፣ ማለት 55 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለሁለት ቀን ከሩብ በላይ መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ መጠበቅ አለብን ማለት ነው። የዳታውን ዋጋ ወላጆቻችን ያውቁታል። ስለዚህ እርማቱን አንድ ሰው ከከተማ በፍላሽ ቀድቶ አምጥቶ ለጎረቤቶቹ ቢያካፍል የሚፈቅድ ሥርዓት ያስፈልጋል።

5ኛ/ የቋንቋና የጨዋታው ነገር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ስልኮች አማርኛ ያነብባሉ፣ ይጽፋሉም። የታወቁት የጨዋታ መሣሪያዎች ግን ትእዛዛቸውን በአማርኛ አያሳዩም። ወንድሜ እንግሊዝኛውን ሳያነብ ቍልፍ በመጫን ብቻ አንድ ጊዜ የተቀመጠውን ጨዋታ ሁሉ አጥፍቶታል። ጨዋታውም ቢሆን ከእኛ ሕይወት የራቀ ነው። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ስለ አንዲት ዶሮ ሩጫ የሚናገር «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ፣ እንዲሁም ገበጣን ለስልክ መሥራቱ የሚያስመሰግን ነው፤ የዚህ ዓይነት ሥራ ወደ ቴሌቪዥኑም ሊደርስ ይገባል። ገበጣን ካነሣን ዘንድ፣ አያቶቻችን መሬት ቆፍረው በጠጠር ይጫወቱት ነበር። መብራት አይፈልግም፣ አይግልም፣ እርማት አያወርድም፤ ሁለት ሰዎችንም ፊት ለፊት ያስቀምጣል። የዛሬው ማሽን ከገበጣ ሊማረው የሚገባው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሁለት ጆይስቲክ ይዘው አጠገብ ላጠገብ የሚጫወቱባቸው ጨዋታዎች እንዳይጠፉ እመኛለሁ።

ስለ ወላጆች ቅሬታ

ወላጆች «ጨዋታው ልጆቻችንን ከትምህርት አስቀረብን» ሲሉ ሐሰት አይደለም። ከክፍል ወጥተው ጌም ቤት የሚውሉ፣ ለደብተር በተሰጠ ገንዘብ የሚወራረዱ አይተናል። ነገር ግን በቤት ያለ መሣሪያ በወላጅ ዓይን ሥር ስለ ሆነ ከደጅኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ዛሬም ቢሆን የሰዓት ገደብ የሚያስቀምጡ ማሽኖች አሉ፤ ጕድለቱ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ መሆኑና ከልጁ በቀር በቤቱ የሚያውቀው አለመኖሩ ነው። ልጁ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። በአማርኛ ቢሆን ግን አባትና እናት ገደቡን በገዛ እጃቸው ባስቀመጡት ነበር።

እኛስ ምን እናድርግ?

ሠሪዎቹ ሩቅ ናቸው፤ ቃላችን ቶሎ አይደርሳቸውም። እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እናድርግ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅለን፣ ተመልሶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ታግሠን እንሰካ። የሚቻለን ስታቢላይዘር እንግዛ። ማሽኑን በጨርቅ ሸፍነን አናጫውት፤ ግድግዳም አናስጠጋው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ሞተ ብለን አንጣል። የፊዚክስ መምህራችን ስለ ተቃውሞና ስለ ቮልቴጅ ሲያስተምሩ «ይህ ለፈተና ነው» እያልሁ እሸመድድ ነበር። ያ ትምህርት በቤታችን ጣውላ ላይ ሦስት ወር ተኝቶ እንደ ነበር ያወቅሁት ሳጥኑ ሲከፈት ነው።

ማሽኑን ይዤ የገባሁ ዕለት አባቴ ራሳቸው አጠገባችን ተቀምጠው አዩ። በሚቀጥለው ሳምንት አክስቴ ደውላ እንደ ልማዷ «ትጫወታላችሁ ወይ?» አለች። በመጀመሪያ የዋሸናትን ሁሉ ነገርኋት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ማን ጠገነው?» አለችኝ። እኔም ነገርኋት። «አንተም ተማርና መጠገን ብቻ ሳይሆን መሥራትም ልመድ» አለችኝ። ይህን ምክር ለእኔ ብቻ ይዤ መቅረት ስለማይገባኝ፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለእናንተም አካፍያችኋለሁ።