የአገር ዶሮን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ስለ ማርባት
ለመምህራንና ለቤተሰብ ኀላፊዎች የቀረበ የጤና አጠባበቅ ትምህርት

በአብርሃ ጅራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቆላ ቀበሌዎች ዶሮ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ዶሮ ለቤቲቱ እመቤት የገንዘብ ከረጢት ናት፤ ጨውና ሳሙና፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ከዕንቁላልና ከቄብ ሽያጭ ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ አራስ ስትጠየቅ፣ ጾም ሲፈታም የቤቱ ክብር የሚጠበቀው በእርስዋ ነው። ስለዚህ ዶሮ ማርባት መልካም መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህች ዶሮ ሲመሽ የት ታድራለች?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በብዙ ቤት ቆጡ የተሠራው ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ከቆጡ ሥር ኩስ ይወርዳል፤ በማግሥቱ ጠዋት ሕፃኑ የሚድኸው በዚያው መሬት ላይ ነው።

1ኛ፤ ዶሮ የሕፃን ወዳጅ ስትሆን ኩስዋ ግን ጠላቱ ስለ መሆኑ

በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 41 ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ይህም መቀንጨር የሚባለው ነው። የቀነጨረ ሕፃን በቁመት ብቻ ሳይሆን በትምህርት አቀባበልም ሊጎዳ እንደሚችል መምህራን ከማንም ይልቅ ይረዱታል።

ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ያሉትን ሕፃናት መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ሁለት ፊት አለው። ዶሮ ባላቸው ቤቶች የሚያድጉ ልጆች ከሌሎቹ የተሻለ ቁመት ነበራቸው። ነገር ግን ዶሮዎቹ ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ በሚያድሩባቸው ቤቶች የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ ዶሮዋ የምትሰጠውን ጥቅም የማደሪያዋ ስፍራ መልሶ ሊነጥቀው ይችላል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። በኩስ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ይገኛሉ። እነዚህ ዶሮዋን ብዙ ጊዜ ሳያሳምሟት ሰውን ግን ያሳምማሉ። ሕፃኑ እየዳኸ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ከኩሱ ጋር ይውጣቸዋል። ተቅማጥ በግልጽ ባይታይ እንኳ የአንጀቱ ልባስ እየተጎዳ ስለሚሄድ፣ የሚበላው ምግብ ለአካሉ በሚገባ አይደርሰውም። እናቱ ዕንቁላል እያበላችው የማያድግበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ ሴትዮዋን ከመውቀስ በፊት

ዶሮዎቿን ወደ ቤት የምታስገባ እናት ይህን የምታደርገው ንጽሕናን ስለምትንቅ አይደለም። ውጭ ብታሳድራቸው ሸለምጥማጥ ይፈጃቸዋል፤ እባብ ጫጩቱንና ዕንቁላሉን ይውጣል፤ ሌባም አለ። ስለዚህ «ዶሮሽን አውጪ» ብሎ መምከር ብቻ ሀብትሽን ጣዪ እንደ ማለት ይቈጠራል። ምክሩ የሚሰማው ጽኑ የሆነ የዶሮ ቤት አሠራር አብሮ ሲነገር ነው።

ለ10 ዶሮ 2 ሜትር ከግማሽ ካሬ ያህል ስፋት ይበቃል። ቤቱ በ4 ቋሚ እንጨት ላይ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሠራ። ወለሉ በቀጭን እንጨት ወይም በሽመል ተረብርቦ ኩሱ ወደ ታች የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑረው፤ ቀዳዳው ግን የሸለምጥማጥ ራስ የማያሳልፍ ይሁን። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ቆላ ቤቱን ግራና ቀኙን በጭቃ መምረግ ዶሮዎቹን ማፈን ነው። ግድግዳው ነፋስ የሚያስገባ ሆኖ በእንጨት ወይም በወንፊት ሽቦ ይታጠር። ጣራው የሣር ክዳን ቢሆን ከቆርቆሮ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ጎኑን አያቃጥለውም። በውስጡ ለእያንዳንዱ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆጥ ይሰጠው። በሩ ማታ በቁልፍ ይዘጋ።

ስፍራው ከመኝታ ቤትና ከውኃ ጉድጓድ የራቀ፣ ሕፃናት ከሚጫወቱበትም የተለየ ይሁን። ከወለሉ ሥር የሚወርደው ኩስ በየጊዜው ተጠርጎ በጉድጓድ ከገለባ ጋር ይብላላ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ለጓሮ አትክልት የሚሆን ፍግ ይወጣዋል። ትኩሱን ኩስ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ ማድረግ ግን አይገባም።

3ኛ፤ ለምን የአገር ዶሮ?

የውጭ አገር ዝርያ የሆኑት ዶሮዎች ብዙ ዕንቁላል እንደሚጥሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የተመጠነ መኖ፣ ጥላና የማያቋርጥ ክትትል ይሻሉ። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብቻ ብትጥልም፣ ራስዋ ጭራ ትበላለች፤ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶችዋን ከጭልፊት ትከላከላለች። ሁለተኛይቱን ፈልጎ ፊተኛይቱን መጣል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለውን ያስከትላል።

ከሁሉ ይልቅ ለቆላው ሰው ልብ ሊባል የሚገባው አንገተ መላጣ የምትባለው ዶሮ ናት። በቀድሞው ሰሜን ጎንደር፣ በቋራ፣ በአለፋና በታች አርማጭሆ በተደረገ ጥናት፣ ጋስጌና ጉጉት ከሚባሉት ጋር ተለይታ ተመዝግባለች። ብዙ ሰው መልኳን ስለማይወድ በገበያ ዋጋዋ ዝቅ ይላል። ነገር ግን የአንገቷ መራቆት ለቆላ የተሰጣት ጸጋ ነው። ላባዋ ከሌላው ዶሮ ከ20 እስከ 40 ከመቶ ያህል ስለሚያንስ የአካሏን ሙቀት በቀላሉ ታወጣለች፤ ለላባ የሚውለውንም ምግብ ለሥጋና ለዕንቁላል ታደርገዋለች። በሙቀት ጊዜ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ እርስዋ መጫርዋን አትተውም።

4ኛ፤ ለዘር ስለ መምረጥ

ምርጫ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማየት የሆሮን ዶሮ ታሪክ መጥቀስ ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008፣ ከወለጋው ሆሮ አካባቢ የተሰበሰበ ዕንቁላል በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተፈለፈለ። ከዚያም በየትውልዱ ብዙ የሚጥሉትና ፈጥነው የሚያድጉት ብቻ ለዘር እየተመረጡ ቀሩ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የዕንቁላሉ ቁጥር በእጥፍ ያህል አደገ፤ ዶሮዎቹም እንደዚያው የአገር ዶሮዎች ናቸው።

በቤት የሚያረባ ሰው ይህን በአንድ ደብተር ሊያደርገው ይችላል። ለእያንዳንዲቱ ዶሮ አንድ መስመር ይሰጣትና፣ ስንት እንደ ጣለች፣ ስንት እንዳቀፈች፣ ስንት እንደ ፈለፈለች፣ በ2 ወር ውስጥ ስንት ጫጩት በሕይወት እንዳደረሰች ይጻፍ። ለዘር የሚቀመጠው አውራ ዶሮ በደብተሩ ከበለጠችው እናት የተወለደው ይሁን። ኩክኔው ድርብ ነው ወይስ ነጠላ፣ ላባው ቀይ ነው ወይስ ገብስማ የሚለው የገበያ ጉዳይ ነው፤ ከእናቱ ሥራ በኋላ ይታይ።

አንድ አውራ ለ10 ያህል ሴቶች ይበቃል። አባት ከልጁ፣ ወንድም ከእኅቱ ሲራቡ ጫጩቱ ደካማ፣ ዕንቁላሉም የማይፈለፈል ይሆናል። ስለዚህ አውራውን በየዓመቱ በሌላ ቀበሌ ካለ ወዳጅ ጋር መለዋወጥ ይገባል።

አንገተ መላጣን ለማብዛት የሚፈልግ ደግሞ ይህን ይወቅ። የአንገት መራቆት የሚወረሰው ግሬጎር ሜንዴል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ባሳተመው ሕግ መሠረት ነው። ባሕርዩን ከአባትና ከእናት ከሁለቱም የወረሰ ዶሮ አንገቱ ፈጽሞ የተራቆተ ነው፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ከአንገቱ ፊት ለፊት አንድ ጉብ ያለ የላባ ዘለላ ይታይበታል። ዘለላ ያለባቸው ሁለቱ ቢራቡ፣ ከ4 ጫጩት በአማካይ 1 ፈጽሞ መላጣ፣ 2 ባለ ዘለላ፣ 1 ደግሞ ባለ ሙሉ ላባ ይሆናሉ። ለተማሪዎች የዘር ውርስን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ሕያው ምሳሌ አይገኝም።

5ኛ፤ ስለ ማስታቀፍ

በቆላ ዕንቁላል ከዶሮዋ በፊት ፀሐይ ያቅፈዋል። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ካለፈ በውስጡ ያለው ሽል ሳይታቀፍ ማደግ ጀምሮ ከዚያ ይሞታል። ስለዚህ ለማስታቀፍ የታሰበው ዕንቁላል በየቀኑ ይሰብሰብ፤ በጥላ ስፍራ፣ በዝቅተኛ ስፍራ በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ፤ ከአንድ ሳምንትም በላይ አይቈይ። ለአንዲት የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 13 ዕንቁላል ይበቃታል። በ7ኛው ሌሊት በባትሪ መብራት ሲታይ ደም ሥር የታየበት ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ የቀረው ይውጣ። ጫጩቱ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

ለማስታቀፍ የተመረጠው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፤ መሬቱ ይደርቃል፤ ከአውድማ የተረፈ ማሽላና ሰሊጥም አይጠፋም። ለጫጩት የተሸረከተ ማሽላ ከጥቂት ፋጉሎ ጋር ይሰጠው፤ ምስጥም ቢገኝ ለእድገቱ ብርቱ ምግብ ነው። የሻገተ እህል ግን ለዶሮም ለሰውም መርዝ ስላለው ፈጽሞ አይሰጥ። ውኃው በየቀኑ በታጠበ ዕቃ በጥላ ሥር ይቀመጥ።

6ኛ፤ ስለ ፈንግል

የብዙ ቤት ዶሮ በአንድ ሳምንት የሚያልቀው በፈንግል ነው። የታመመችው ዶሮ ትደበታለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል። ከታመመች በኋላ መድኀኒት የለውም። አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ግን አለ፤ ሙቀትን ይበልጥ የሚታገሠው ዓይነት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዝናብ ሲጀምር ስለሆነ፣ ጎረቤታሞች ተባብረው በሚያዝያ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ቢጠሩ መልካም ነው። ከጤነኞቹ የተከተቡትን መለየት አይቻልምና ቀኑ በደብተሩ ይጻፍ።

ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከሌሎቹ ሳትቀላቀል 2 ወይም 3 ሳምንት ለብቻዋ ትቈይ። የሞተችውን መብላት፣ መሸጥ ወይም ሜዳ ላይ መጣል በሽታውን መንደር ለመንደር መዝራት ነው፤ ተቃጥላ ወይም በጥልቅ ተቀብራ ትወገድ። ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ለእንስሳት ሐኪሙ ይነገር።

በእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጥ መዥገርም አለ። ቆጡ ተነቅሎ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ስንጥቁ ይደፈን፤ ግድግዳው በኖራ ይቀባ። ዶሮዎቹም የሚታጠቡበት ደረቅ ዐመድና አፈር ይዘጋጅላቸው።

7ኛ፤ ስለ እጅና ስለ ወጥ ቤት

ዶሮ የነካ፣ ዕንቁላል የሰበሰበ ወይም ኩስ የጠረገ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃን አያንሣ፣ ምግብም አያቅርብ። ዶሮ የተበለተበት መክተፊያና ቢላዋ ሳይታጠብ ጥሬ የሚበላ ነገር አይከተፍበት። ዕንቁላል አስኳሉ እስኪጠና ይቀቀል። ለሕፃን ከ6 ወር ጀምሮ ከእናቱ ጡት ጋር በሚገባ የበሰለ ዕንቁላል ይሰጠው፤ የሚዳኽበትም ስፍራ በየጠዋቱ ተጠርጎ ንጹሕ ምንጣፍ ይነጠፍለት። ዕንቁላሉ ሁሉ ለገበያ ከወጣ ልጁ ከዶሮዋ ያተረፈው ኩስዋን ብቻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ መምህራን፤ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የሚሠራ አንድ ንጹሕ የዶሮ ቤት ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ተማሪው አሠራሩን አይቶ ለአባቱ ይነግራል፤ አባቱም እንጨቱን ይቆርጣል። ዶሮዋ ከመኝታ ቤት ወጥታ በራስዋ ቤት ባደረች ሌሊት ዕንቁላልዋም ለልጁ ይቀራል፣ ኩስዋም ለጓሮው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች ቁመት የተሻለ ሲሆን፣ ዶሮ በመኝታ ቤት የሚያድርባቸው ልጆች ቁመት ለምን ዝቅ አለ?
2. በቤታችሁ ዶሮዎች የት ያድራሉ? ውጭ እንዳያድሩ ያደረጋቸው ምክንያት ምንድን ነው? መፍትሔውስ?
3. ባለ ዘለላ አንገተ መላጣ አውራ ከባለ ሙሉ ላባ ሴት ጋር ቢራባ ከ10 ጫጩት ስንቱ መላጣ ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?
4. በአብርሃ ጅራ ዕንቁላል በሚያዝያ ማስታቀፍ የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?